የተረሳው መሐንዲስ፤ ኤድዊን በዲንግና የሣር ማጨጃ መኪና

(በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ምሽት የቀረበ)



ስለ አንድ መሐንዲስ እንድንናገር በተጠየቅን ጊዜ ስለ ጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተር ወይም ስለ ጆርጅ ስቲቨንሰን ባቡር ማውራት ይቀለን ነበር። የእነርሱ ስም ከመማሪያ መጽሐፍ አይጠፋምና ተናጋሪውንም ሰሚውንም አያስቸግርም። እኛ ግን ዛሬ ማታ የመረጥነው ስሙን ጥቂቶች ብቻ የሚያውቁትን፣ ሥራውን ግን ኳስ ሜዳ የረገጠ ሁሉ የሚያውቅለትን ሰው ነው። ሰውየው ኤድዊን ቢርድ በዲንግ ይባላል። ሥራውም የሣር ማጨጃ መኪና ነው።

አንዳንዶቻችሁ ስትስቁ እንሰማለን። «ሣር ለማጨድ መሐንዲስ ምን ያደርጋል፤ ማጭድ አይበቃምን?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ስለሆነ ንግግራችንን ከዚያው እንጀምር።

ማጭድ ለረጅም ሣር ይበቃል። ረጅም ሣር በራሱ ክብደት ስለሚቆም ስለቱን ይቋቋማል፤ ስለዚህም ይቆረጣል። አጭር ሣር ግን ስለቱ ሲነካው ተኝቶ ያሳልፈዋል። በእንግሊዝ አገር የአትክልት ቦታ አጫጆች ረጅም እጀታ ያለውን ማጭዳቸውን ይዘው ገና ጎሕ ሲቀድ ይወጡ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጤዛ ያረጠበው ሣር ከበድ ስለሚል ለስለቱ ይመቻል፤ ፀሐይ ካደረቀው በኋላ ግን ሥራው ይበላሻል። እጁ የሠለጠነ አጫጅ እንኳ የማጭዱን ዱካ በሜዳው ላይ ትቶ ይሄድ ነበር። እንግዲህ እንደ ምንጣፍ የተስተካከለ መስክ ማየት የሚችለው ብዙ ሠራተኛ ማሰማራት የሚችል ባለጸጋ ብቻ ነበር። የቀረው ሰው ሣሩን ለበግ ይተወዋል።

በዲንግ የተወለደው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1796 በግሎስተርሺር፣ በስትራውድ አካባቢ ነው። (በዚህ ንግግር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ሥራ የጀመረው በአናጢነት ሲሆን በኋላ ወደ ብረት ሥራ ተሻገረ። የስትራውድ ሸለቆዎች በዚያን ዘመን በሱፍ ጨርቅ የታወቁ ነበሩ። ሱፍ ከተሸመነ በኋላ ጸጉሩ ይነሣና እኩል ሆኖ እስኪለሰልስ ድረስ ይላጫል። ይህን ሥራ በትልልቅ መቀስ ይሠሩ የነበሩ ባለሙያዎች ነበሩ። በ1815 ግን ጆን ልዊስ የተባለ የዚያው አካባቢ ሰው፣ ጠመዝማዛ ስለቶች በዙሪያው የተተከሉበት ሲሊንደር እየተሽከረከረ ጨርቁን የሚላጭበትን መኪና በስሙ አስመዘገበ።

በዲንግ እነዚህን መኪናዎች ያውቃቸው ነበር። ሱፉ ላይ የቆመውን ጸጉር ሲያይ ሣር ታየው። የሚሽከረከረው ስለት ጸጉሩን እያፈሰ ከሥር ከተተከለው የማይንቀሳቀስ ስለት ጋር ያገናኘዋል፤ ሁለቱም እንደ መቀስ ይቆርጡታል። በሁለት ስለት መካከል የተያዘ ነገር መተኛት ስለማይችል ሣሩ አጭርም ሆነ ደረቅ ለመቆረጥ ጤዛ አያስፈልገውም።

«ታዲያ መኪናው ቀድሞ ተሠርቶ ከነበረ የበዲንግ ሥራ ምኑ ላይ ነው?» ትሉን ይሆናል። መልሱ እነሆ። በፋብሪካው ውስጥ የወንዝ ውኃ መኪናውን ያዞርለታል፤ ጨርቁም ወደ መኪናው ይቀርብለታል። በመስክ ላይ ግን መዘውር የሚያዞር ውኃ የለም፤ ሣርም ከሥሩ ተነሥቶ ወደ መኪናው አይሄድም። ስለዚህ መኪናው ራሱ ወደ ሣሩ መሄድ፣ ኀይሉንም ከአካሄዱ ማግኘት አለበት። በዲንግ ከኋላ አንድ ከባድ የብረት ሩሎ አደረገ። ሰው መኪናውን ሲገፋ ሩሎው መሬት ላይ ይንከባለላል፤ ጥርስ ያላቸው መዘውሮች ዙረቱን ተቀብለው ያበዙታል፤ ሩሎው አንድ ጊዜ ሲዞር ስለቶቹ 16 ጊዜ ይዞራሉ። የአጨዳውን ከፍታ የምትወስን ሌላ ትንሽ ሩሎም ጨመረበት። የተቆረጠው ሣር ወደ ፊት ተወርውሮ ሳጥን ውስጥ ይገባል። የመኪናው የአጨዳ ስፋት 19 ኢንች፣ ማለት ወደ 48 ሳንቲ ሜትር ነበር። ሐሳብን ከአንድ ሙያ ወደ ሌላው ማሻገርና በመካከል የጎደለውን መፍጠር ሙሉ የመሐንዲስ ሥራ ነው እንላለን።

በዲንግ ሙያ እንጂ ገንዘብ አልነበረውም። በትረፕ መንደር ፊኒክስ የሚባለውን የብረት ፋብሪካ ይዞ ይሠራ የነበረው ጆን ፌራቢ በ1830 ከእርሱ ጋር ውል ተዋዋለ። ፌራቢ ወጪውን ሊችል፤ በምላሹም መኪናውን የመሥራት፣ የመሸጥና ለሌሎች ፈቃድ የመስጠት መብት ሊያገኝ ተስማሙ። ፓተንቱ በበዲንግ ስም ኦገስት 31 ቀን 1830 ተሰጠ። ጎረቤት እንዳያየውና እንደ እብድ እንዳይቆጥረው መኪናውን በሌሊት ይሞክረው ነበር እየተባለም ይነገራል።

ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎች አንዱ በለንደን በሪጀንትስ ፓርክ ያለው የአራዊት መጠበቂያ ነበር። የዚያ የሥራ አለቃ መኪናው ማጭድና መጥረጊያ የያዙ ስድስት ወይም ስምንት ሰዎች የሚሠሩትን ይሠራል ብሎ መሰከረ። ዋጋው ለትንሹ 7 ጊኒ፣ ለትልቁ 10 ጊኒ ነበር፤ ይህም ለአንድ የእርሻ ሠራተኛ የብዙ ሳምንት ደመወዝ ነው። በ1832 የኢፕስዊቹ ራንሰምስ ፋብሪካ በፈቃድ መሥራት ጀመረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ለእውነት አናደላም። ፓተንቱ በተሰጠበት በዚያው በኦገስት ወር በኬንት አውራጃ የእርሻ ሠራተኞች የመውቂያ መኪናዎችን መሰባበር ጀምረው ነበር። የክረምት እንጀራቸውን መኪናው ስለወሰደባቸው ነው። ስድስት አጫጅ የሚተካ መኪና ሲመሰገን፣ ስድስቱ አጫጆች ወዴት ሄዱ ብሎ መጠየቅም የተማረ ሰው ግዴታ ነው። በዲንግ ራሱ ከሠራተኛው ወገን የተገኘ ሰው ነበር፤ መኪናው ግን ለባለንብረቱ ያመቸው ይበልጥ ነበር። ይህን ስንል ሥራውን ለማሳነስ ሳይሆን ሒሳቡን ሙሉ ለማድረግ ነው።

ለፈጣሪው የደረሰው ድርሻስ? በዘመኑ ሕግ ፓተንት የሚጸናው 14 ዓመት ስለነበር የበዲንግ መብት በ1844 አበቃ። እርሱም ወደ ደርስሊ ሄዶ በሱፍ ማበጠሪያ መኪና ላይ ሲሠራ ቆይቶ በ1846 በ50 ዓመቱ ገደማ ሞተ። አፉ በብሎን የሚሰፋና የሚጠብ መፍቻም ከሥራዎቹ ይቆጠራል። መኪናው በየቤቱ ሲገባ ግን በሕይወት አላየም። ሻንክስ የተባለው የስኮትላንድ ሰው በ1842 በፈረስ የሚጎተተውን ሠራ፤ ቶማስ ግሪን በ1859 በጥርሳም መዘውር ፋንታ ሰንሰለት አደረገ፤ በ1893 በእንፋሎት የሚሠራ መጣ፤ በ1902 ራንሰምስ በቤንዚን የሚሠራውን ለገበያ አወጣ። ሎርድስ የተባለው የለንደን የክሪኬት ሜዳ እንኳ በ1864 መኪና እስኪገዛ ድረስ ሣሩን ለበጎች ይተው ነበር። በነዚህ ሁሉ መኪናዎች ላይ የአምራቾቹ ስም በትልቁ ተጽፎ ሲሸጥ፣ በውስጣቸው የሚዞረው ሲሊንደርና ከሥሩ የተተከለው ስለት የበዲንግ ነበሩ። ዛሬ እንደ ቢላዋ አግድም የሚሽከረከር ስለት ያለው ሌላ ዓይነት መኪና በብዛት ቢሠራበትም፣ ለጎልፍና ለክሪኬት ሜዳ ሣሩ በጣም አጥሮ እንዲስተካከል ሲፈለግ የሚመረጠው የሲሊንደሩ መኪና ነው።

ጓደኞቻችን፤ በአገራችን ብረት ቀጥቃጩና ሸማኔው ለብዙ ዘመን ሲናቁ እንደኖሩ ሁላችንም እናውቃለን። ይህ መኪና የተወለደው እነዚያ ሁለት ሙያዎች በአንድ ሸለቆ ተገናኝተው፣ ሁለቱንም ያልናቀ አንድ ሰው በመካከላቸው ስለቆመ ነው። እኛ ከመጽሐፍና ከጥቁር ሰሌዳ ጋር የምንውል ተማሪዎች ወደ እጅ ሥራ ቤት የምንገባው ስንት ጊዜ ነው? ገብተንስ ለመጠየቅ ነው ወይስ ለማዘዝ?

በእጅ የሚገፋ የቆየ የሣር ማጨጃ ያገኛችሁ እንደሆነ አትክልተኛውን አስፈቅዳችሁ ገልብጡት። ጠመዝማዛዎቹን ስለቶች ቁጠሩ፤ መንኮራኩሩን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ አዙራችሁ ስለቶቹ ስንት ጊዜ እንደሚዞሩ ተመልከቱ። ከዚያም የሠራውን ሰው ስም ለአትክልተኛው ንገሩት፤ እርሱም ስለ መኪናው እናንተ የማታውቁትን ይነግራችኋል።