የባቡር ማቋረጫ ምልክት ነጂውን ያስጠነቅቀዋልን?



ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የጂቡቲ መሥመር በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። እኛም ዛሬ የምንጠይቀው ይህን ነው፤ ሐዲድና የመኪና መንገድ በሚገናኙበት ቦታ የሚተከለው ምልክት በእርግጥ ነጂውን ያነቃዋልን?

ምልክቱ ሁለት አግዳሚ የተጠላለፈበት ነው። ፈረንጆች የቅዱስ እንድርያስ መስቀል ይሉታል፤ ሐዋርያው የተሰቀለው በእንዲህ ያለ መስቀል ነው ስለሚባል። (ለነጂ ይህ ስም ብቻውን ባስደነገጠው ነበር።) በ1968 በፈረንጆች አቈጣጠር በቪየና የተደረገው ስምምነት ደግሞ አስቀድመው የሚታዩ ሰሌዳዎችን አመልክቷል። መጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ ሁለት፣ በመጨረሻ አንድ ቀይ ሰረዝ ይታያል፤ ሰረዙ ሲያንስ ሐዲዱ ቀርቧል ማለት ነው።

ነገር ግን ምልክቱ የሚናገረው «ሐዲድ አለ» ብሎ እንጂ «ባቡር መጣ» ብሎ አይደለም። ባቡር ቢመጣም ባይመጣም መልኩ ያው ነው። መቶ ጊዜ ባቡር ሳያይ የተሻገረ ነጂ በመቶ አንደኛው ጊዜ ዓይኑ ሰሌዳውን ያያል፣ እግሩ ግን ፍሬኑን አይረግጥም። እኛ የምንፈራው እንግዳውን ሳይሆን በየቀኑ የሚመላለሰውን ነው።

ባቡሩንም አይቶ የሚሳሳት አለ። ሊቦዊትዝ የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ በ1985 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር እንዳስረዱት፣ ግዙፍ ነገር ሲሄድ ከትንሹ ይልቅ የዘገየ ይመስላል። ስለዚህ ነጂው «እቀድመዋለሁ» ብሎ ይገባል። ባቡር ግን መሪ የለውም፤ ዞር ሊል አይችልም። የተጫነ የዕቃ ባቡር በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ሲበር ፍሬን ቢያዝ፣ እስኪቆም ድረስ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ሊሄድ ይችላል።

መብራትና ደወል የሚሻሉት ባቡር ሲመጣ ብቻ ስለሚናገሩ ነው። መንገድ የሚዘጋ አግዳሚ ከሁሉ ይበልጣል፤ እርሱንም ቢሆን ዞሮ የሚያልፍ ችኩል አይጠፋም። ከመካከላችን አንዳንዶቹ በየማቋረጫው አግዳሚ ይቁም ይላሉ። ወጪው ብዙ ስለ ሆነ፣ እስከዚያው ድረስ ሐዲዱን የሚጋርደው ቍጥቋጦ ይመንጠር፣ «ቁም» የሚል ሰሌዳም ይተከል ያልነው እንበዛለን።

በአሜሪካ በብዙ ክፍላተ ሀገር የተማሪዎች አውቶቡስ ከሐዲዱ በፊት ይቆማል፤ ነጂው መስኮቱንና በሩን ከፍቶ ያዳምጣል። በሚመጣው የትምህርት ጉዞአችን ማቋረጫ ቢገጥመን፣ ነጂያችን እንዲሁ እንዲያደርጉልን፣ እኛም ያን ጊዜ ዘፈናችንን እንድናቆም ተስማምተናል።