አርሴኒክን የሚያሲዙና የሚያስለቅቁ ረቂቃን ተሕዋስያን



የጉድጓድ ውኃ ጥራት በአፈሩና በድንጋዩ ዓይነት ብቻ የሚወሰን ይመስለን ይሆናል። በባንግላዴሽ የደረሰው ግን ከዚህ የተለየ ነገር ያስተምረናል። በዚያ አገር ሕዝቡን ከኮሌራና ከተቅማጥ ለማዳን፣ በተለይ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ፣ እጅግ ብዙ የእጅ ፓምፕ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። በ1993 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በውኃው ውስጥ አርሴኒክ መኖሩ ታወቀ።

መርዙ ከየት መጣ? ወንዞች ከሂማላያ ባወረዱት ደለል ውስጥ የብረት ዝገትን የመሰለ ማዕድን አለ፤ አርሴኒኩም በማዕድኑ ገጽ ላይ ተጣብቆ ይኖራል። ኦክሲጅን በሌለበት ጥልቀት ግን እንደ ጂኦባክተር ያሉ ባክቴሪያዎች የዕፅዋትን ብስባሽ ሲመገቡ፣ በኦክሲጅን ፈንታ በዝገቱ ይተነፍሳሉ። ያን ጊዜ ማዕድኑ ይሟሟል፤ የያዘውም አርሴኒክ ወደ ውኃው ይወጣል።

በአንጻሩ ኦክሲጅን ሲገኝ፣ ጋሊዮኔላን የመሰሉ ባክቴሪያዎች የሟሟውን ብረት መልሰው ዝገት ያደርጉታል፤ ዝገቱም አርሴኒክን ይይዛል። ውኃን አየር አስገብቶ በአሸዋ የማጣራት ዘዴ የሚጠቀመው በዚሁ ጠባይ ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት የመመሪያ ልክ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። ይህን ዓይን አያየውም፤ ምላስም አይለየውም። ስለዚህ ለሕዝብ ጤና የቆፈርነው ጉድጓድ የበሽታ ምንጭ እንዳይሆን፣ ከማስረከባችን በፊት ኦክሲጅኑን፣ ብረቱንና አርሴኒኩን መለካት የሙያችን ግዴታ ነው።