ትኩሳቱ ካለፈ በኋላ



ዛሬ የምንነጋገረው ትኩሳቱ ለቆት ሕመሙ ስላልለቀቀው ሰው ነው።

በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ቺኩንጉንያ የሚባል በሽታ ድሬዳዋን አዳርሶ ነበር። ከ40,000 የሚበልጡ ሰዎች በበሽታው ሳይያዙ እንዳልቀሩ ተመዝግቧል። በሽታው የሚመጣው ከቫይረስ ነው፤ ቫይረሱንም ከሰው ወደ ሰው የምታደርሰው ቀን የምትናከስ ትንኝ ናት። እ.ኤ.አ. በ1952 በታንጋኒካ ሲነሣ የማኮንዴ ሕዝብ በቋንቋው ስም አወጣለት፤ ትርጉሙም የሚያጎብጥ ማለት ነው።

ስሙ እንደሚናገረውም ነው። ትኩሳቱ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ይበርዳል። የጣት፣ የእጅ አንጓ፣ የጉልበትና የቁርጭምጭሚት ሕመም ግን በአንዳንዱ ሰው ላይ ለወራት፣ አልፎ አልፎም ለዓመታት ይቆያል። ጠዋት መገጣጠሚያው ተሳስሮ ይነሣል። እናት ሊጥ ማቡካት ያቅታታል፤ የቀን ሠራተኛው አካፋ መጨበጥ ይሳነዋል። ቀኑ ሲገፋ ደግሞ ሰውነቱ ጥቂት ይፍታታል። ይህን ያየ ጎረቤት፣ «ጠዋት ታምሞ ከሰዓት በኋላ የሚድን ምን ዓይነት በሽተኛ ነው?» ይላል። ወገኖቼ፣ ይህ ስንፍና አይደለም፤ የበሽታው ጠባይ ነው።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የሥራ ኃላፊዎች የእንዲህ ያለውን ሰው ስም ከመዝገብ ለመሰረዝ አንቸኩል። ቀለል ያለ ሥራ እንስጠው፤ ረፈድ አድርጎም እንዲገባ እንፍቀድለት። በቀን ሙያው የሚያድር ቤተሰብ እንጀራው በዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ ሕመምተኛው ቀኑን ሙሉ አይተኛ፤ ከባድ ሸክምም አይሸከም። ጣቱንና ጉልበቱን በዝግታ ያፍታታ፤ በመጠኑም ይራመድ።

ሦስተኛ፣ ቫይረሱን የሚያጠፋ መድኃኒት ገና የለም፤ ሕመሙን ማስታገስ ግን ይቻላል። ነገር ግን በድሬዳዋ የደንጊ ትኩሳትም ስለ ታየ፣ ትኩሳት ያለበት ሰው የጤና ባለሙያ ሳይጠይቅ አስፒሪንና የመሳሰለውን አይውሰድ፤ ደም ሊያፈስ ይችላል። ሕመሙና እብጠቱ ከሦስት ወር ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ ተመልሶ ይመርመር፤ ሌላ የመገጣጠሚያ በሽታ ሊሆን ይችላልና።

አራተኛ፣ ይህች ትንኝ የምትራባው በደጃችን ነው። በርሜሉን እንክደን፤ በየሳምንቱም ውኃውን ገልብጠን ውስጡን እንፈግፍገው። ውኃ የሚያቁር አሮጌ ጎማና ጣሳ እናስወግድ። የሌሊት አጎበር ብቻውን አይበቃም፤ ቀን ለሚተኙ ሕፃናትም ይዘርጋላቸው።

ትኩሳት የያዘውን ሰው ሁላችን እንጠይቀዋለን። በሦስተኛው ወር ግን ደጁን የሚያንኳኳ ጥቂት ነው። ውኃ የሚቀዳለት፣ እንጨት የሚፈልጥለት ሰው የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነውና፣ ከዚህ ስንወጣ የማንን ደጅ እንደምናንኳኳ እናስብ።