የጠራ ውሃና የተራበ ኮራል

ኮራል ድንጋይ ቢመስልም እንስሳ ነው። በአካሉ ያለው ዋቅላሚ በብርሃን ስኳር ቢሠራለትም፣ ማታ ማታ ደቃቃን የባሕር ነፍሳት አጥምዶ ይበላል። እኛ ግን በቤታችን የመስታወት ገንዳ ውሃው ይጥራ እንጂ ስለ ምግቡ አላሰብንም። ባለ 200 ማይክሮን የጨርቅ ማጥለያ ሰቀልን፤ ሳናጥበውም ሳምንታት ቆየ። የተያዘው የዓሣ ኩስና የምግብ ትራፊ ከዓይን ራቀ እንጂ ከውሃው አልወጣም፤ እዚያው በስብሶ አሞኒያ፣ ኋላም ናይትሬት ሆነ። ኮራሎቹ ክንዶቻቸውን መዘርጋት ተዉ።

ይባስ ብለን ሌላ ደቃቅ ጨርቅ ጨመርን። ውሃው እንደ ምንጭ ጠራ፤ የኮራሉ ምግብም በጨርቁ ቀረ።

ዛሬ ማጥለያውን በየ3 ቀኑ እናጥባለን፤ ማታ ስንመግብም ለ1 ሰዓት እናነሣዋለን። የሞተው ቅርንጫፍ ነጭ አጥንቱ ገንዳው ውስጥ አለ፤ ማየት የሚሻ ይምጣ።