የት ላይ ነው የሚለው?

የ12ኛ ክፍል ፈተና በተቃረበ ቁጥር ከወላጆችም ከመምህራንም የምሰማው ስሞታ ይመሳሰላል፤ «ልጁ ሰዋስዉን አጥንቷል፣ ቃላቱንም ሸምድዷል፤ ፓሴጅ ላይ ሲደርስ ግን ይጠፋበታል።» ምንባብ በእንግሊዝኛው ፈተናም በአፕቲቲዩዱም ይመጣል። የሚያስፈራውም ሽምደዳ ስለማያዋጣበት ነው፤ ተማሪው በቤቱ ያጠናው ምንባብ ፈተና ላይ አይጠብቀውም።

እስኪ በአማርኛ አንድ አጭር ምንባብ ላንብብላችሁ። ወረቀት አያስፈልግም፣ ጆሯችሁን ብቻ ስጡኝ።

«በመንደሩ ቧንቧ ከገባ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ውሃው የሚለቀቀው ግን ጠዋት ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ያኔም ወረፋው አይቻልም። ሴቶቹ ዛሬም ልብስ ለማጠብ ወንዝ ይወርዳሉ።»

ጥያቄው፦ ሴቶቹ ወንዝ የሚወርዱት ለምንድን ነው? ሀ፣ በመንደሩ ቧንቧ ስለሌለ። ለ፣ የቧንቧ ውሃ ክፍያ ስለተወደደባቸው። ሐ፣ ከቧንቧው የሚበቃቸውን ውሃ ማግኘት ስለሚያዳግታቸው። መ፣ የቧንቧው ውሃ ፈጽሞ ስለማይጠቅማቸው።

መልሱ ሐ ነው። ትምህርቱ ያለው ግን የተሳሳቱት ምርጫዎች ላይ ነው። ሀ «መንደር» እና «ቧንቧ» የሚሉትን ቃላት ከምንባቡ ወስዶ ሐሳቡን ገልብጦታል፤ የሚያውቀውን ቃል ብቻ የሚፈልግ ተማሪ እዚህ ይያዛል። መ ደግሞ «ፈጽሞ» ብሎ ነገሩን አጋነነው። «ሁልጊዜ»፣ «ብቻ»፣ «ፈጽሞ» የሚሉ ምርጫዎች የግድ ስሕተት ናቸው ማለት አይደለም፤ ምንባቡ እዚያ ድረስ መሄዱን ግን ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

አደገኛው ለ ነው። ቤቱ የውሃ ቢል ሲመጣ ጭቅጭቅ የሚነሣበት ልጅ ለ እውነት ይመስለዋል፤ በሱ ሰፈር እውነትም ሊሆን ይችላል! ምንባቡ ግን ስለ ክፍያ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ሐስ? «የሚበቃቸው» የሚል ቃል ምንባቡ ውስጥ የለም። ስለ አንዱ ሰዓትና ስለ ወረፋው የተነገረውን አያይዘን የደረስንበት ነው። ፈታኞች ማየት የሚፈልጉት ይህንን ማያያዝ ነው።

ስለዚህ ተማሪው መልስ በመረጠ ቁጥር ትክክል ነው ወይም ተሳስተሃል ከማለታችሁ በፊት «የት ላይ ነው የሚለው?» በሉት። ጣቱን መስመሩ ላይ ያሳርፍ። ማሳረፊያ ካጣ፣ የመረጠው ከራሱ አምጥቶ ነው። በነገራችን ላይ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከፊሉ ተማሪ በኮምፒውተር እየተፈተነ ስለሆነ፣ በእርሳስ ማስመር የለመደ ልጅ ሳያሰምርም የየአንቀጹን ጉዳይ በአእምሮው መያዝ ይለማመድ።

እንዲህ ስል፣ ስለ ዓለም ማወቅ አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። በ1988 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሬክትና ሌስሊ የተባሉ ተመራማሪዎች 64 ተማሪዎችን ስለ ቤዝቦል ጨዋታ የተጻፈ ጽሑፍ አስነበቡ። በንባብ ደካማ የተባሉት፣ ነገር ግን ቤዝቦል የሚያውቁት ልጆች፣ ጨዋታውን ከማያውቁት ጎበዝ አንባቢዎች በልጠው ተገኙ። የእግር ኳስ ዜና የሚከታተል ልጅ የስፖርት ምንባብ ቢቀለው አይግረማችሁ። ዕውቀት ምንባቡን ለመረዳት ያግዛል፤ መልስ የሚመረጠው ግን ከምንባቡ ነው። ተማሪው እነዚህን ሁለቱን መለየት አለበት።

ዕውቀቱ ከየት ይምጣ? ልጁ በእንግሊዝኛ የሚማርባቸው የጂኦግራፊ፣ የባዮሎጂና የታሪክ መጻሕፍት በምንባብ የተሞሉ ናቸው። አንድ ገጽ ያንብብ፣ መጽሐፉን ይክደን፣ ያነበበውን በራሱ ቃል ይናገር። ሮዲገርና ካርፒክ በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት እንዳሳየው፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች ይሻላሉ፤ ከሳምንት በኋላ ግን መጽሐፉን ዘግተው ለማስታወስ የሞከሩት በለጧቸው። በፈተናው ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ሲያነብ የሚያድር ልጅ በአምስቱ ደቂቃ ውጤት እየተታለለ ነው።

የቀድሞ ፈተናዎችን መሥራት ጥሩ ነው፤ ግን በአንድ ምሽት አምስት ፓሴጅ ሠርቶ መልሱን ከማመሳከር፣ አንዱን ሠርቶ እያንዳንዱ የተጣለ ምርጫ ለምን እንደተጣለ መናገር ይበልጣል።

እንግሊዝኛ የማታነቡ እናቶችና አባቶች፣ ይህ ሥራ እናንተንም ይመለከታል። ልጃችሁ ያነበበውን ገጽ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም ቤታችሁ በሚነገረው ቋንቋ ይተርክላችሁ። ግልጽ ካልሆነላችሁ «አልገባኝም፣ ድገመው» በሉት፤ ያልገባውን ነገር መተረክ ስለማይችል የቱ ጋ እንደሳተ ራሱ ያገኘዋል። ዛሬ ከእራት በኋላ በአንድ ገጽ ጀምሩ።