በሙቀት የታመመውን በቅዝቃዜ አንመርምር፦ በጋምቤላ የትናንሽ ሞተሮችን የማቀጣጠያ ክፍሎች በአየር ስለ ማቀዝቀዝ



በየካቲትና በመጋቢት ባሮ ዳር የሚውል ሰው በሚያውቀው ነገር ልጀምር። ባለ አንድ ሲሊንደር የቤንዚን ፓምፕ ማለዳ ገመዱ አንድ ጊዜ ሲሳብ ይነሣል፤ እኩለ ቀን ላይ ነዳጅ ለመሙላት ሲያጠፉት ግን እንቢ ይላል። ባለቤቱ ገመዱን ሲጎትት ይውላል፤ አትክልቱም ይጠወልጋል። አመሻሽ ላይ ጋራዥ ሲደርስ ሞተሩ ያለ ችግር ይነሣል።

እኔም እንዲህ ያለ ፓምፕ ቀርቦልኝ ኮይሉን ሁለት ጊዜ አስለውጬአለሁ። ስሕተቴ በሙቀት የታመመውን በቅዝቃዜ መመርመሬ ነበር።

ምክንያቱን በስሌት እንየው። ሙቀት ከአንድ አካል ወደ አየር የሚተላለፈው እንደ ሁለቱ የሙቀት ልዩነት መጠን ነው። ኮይሉ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳያልፍ ብንወስን፣ አየሩ 20 ዲግሪ ሲሆን 80 ዲግሪ ልዩነት አለን፤ ጋምቤላ 40 ዲግሪ ስትደርስ የሚቀረን 60 ብቻ ነው። የአየሩ ፍሰት ሳይለወጥ የማቀዝቀዝ አቅማችን በሩብ ቀነሰ ማለት ነው። የመዳብ ሽቦው ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ሲሞቅም የኤሌክትሪክ ተቃውሞው በ30 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ብልጭታው ይደክማል። ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ ማራገቢያው አብሮ ይቆማል፤ የሲሊንደሩ ሙቀት ግን ወደ ኮይሉ መፍሰሱን አያቆምም። ስለዚህ ኮይሉ እጅግ የሚግለው ሞተሩ ከቆመ በኋላ ሊሆን ይችላል።

በእነዚህ ሞተሮች ነፋሱን የሚያመነጩት የፍላይዊሉ ክንፎች ናቸው፤ ወደ ሲሊንደሩና ወደ ኮይሉ የሚመራው ግን ከላይ ያለው የቆርቆሮ ሽፋን ነው። «ነፋስ ይግባው» ብሎ ሽፋኑን የሚያወልቅ ሰው ነፋሱን በተናል እንጂ አልጨመረም። በሣርና በአቧራ የተደፈነ ወንፊትም ያንኑ ጉዳት ያደርሳል።

እንግዲህ አዲስ ኮይል ከመግዛታችን በፊት የአየሩን መንገድ እንመልስ። ወንፊቱንና የሲሊንደሩን ክንፎች እናጽዳ፤ ሽፋኑን በቦታው እንሰር፤ ሞተሩን ከማጥፋታችን በፊት ለጥቂት ደቂቃዎች ያለ ጭነት እናሠራው። ምርመራውንም ሞተሩ እንቢ ባለበት ቅጽበት፣ ከነዳጅ ርቀን፣ በካንዴላው ብልጭታ እንጀምር። ብልጭታው ጠንካራ ከሆነ ጥፋቱን በነዳጁ መስመር እንፈልግ፤ ቤንዚንም በሙቀት ይተናልና።

ለተማሪዎቼ የምተወው ሥራ ይህ ነው፦ ቴርሞካፕል ኮይሉ ላይ አስሩ፤ በእኩል ጭነት ሽፋኑ ሳለና ሲወልቅ፣ ወንፊቱ ሲጸዳና ሲደፈን ለኩ። ሞተሩ ከጠፋም በኋላ ለ15 ደቂቃ መዝግቡ። መለኪያውን ይዛችሁ በቀትር ውጡ፤ ጥፋቱ የሚገኘው በዚያ ሰዓት ነውና።