የጤና ኤክስቴንሽንና የተከራይ ቤተሰቦች


በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ለእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሠራተኞችን መደበ። አንድ ዓመት የሠለጠኑት እነዚህ ሴቶች በአብዛኛው የተመለመሉት ከሚያገለግሉት ማኅበረሰብ ነው። እኔ የመርሐ ግብሩን ጉልበት የማየው ከሥልጠናው ይልቅ በዚህ ጉርብትና ነው።

ኋላ ወደ ከተማ ሲገባ ሥራው ለነርሶች ተሰጠ። ከገጠር ወደ አምቦ፣ ጉደር ወይም ጊንጪ መጥታ ከአንድ ግቢ ጓሮ አንዲት ክፍል የተከራየችውን እናት አስቡ። ነርሷ ስታንኳኳ የምትከፍተው አከራይዋ ናት፤ «ቤተሰቡ ስንት ነው?» ስትባልም የራሷን ቤተሰብ ቆጥራ ትመልሳለች። ተከራይዋ ለቀን ሥራ ወጥታለች፤ የልጇ ክትባት የተመዘገበው በትውልድ ቀበሌዋ ጤና ኬላ ነው።

እናንተ ለመስክ ሥራ ስትወጡ የጓሮውንም በር አንኳኩ፤ በአፋን ኦሮሞ ጠይቁ። ካጣችኋት ማታ ተመለሱ።